ክንፈን አታጉርሱብኝ

ባሌ ክንፈ በአሰብ መንገድ ሾፌሮች ዘንድ በሁለት ነገር ይታወቅ ነበር። አንደኛው፣ ያንን ባለ ተሳቢ መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳያበዛ ማውረዱ ነው። ሁለተኛው መብላቱ። እኔን የሚያናድደኝ ሁለተኛው ነው፤ ሰው እንዴት በሆዱ ይታወቃል? እሱ ግን ይኮራበት ነበር። ቀኑን ሙሉ በሲጋራና ስኳር በበዛበት ሻይ ሲነዳ ይውልና፣ መኪናውን ሲያቆም ለሦስት ሰው የሚበቃ ትሪ ፊት ይቀመጣል። ማኘክ የሚባል ነገር አያውቅም።

"ክንፈ፣ ጥርስ የተሰጠህ ለመሳቂያ ነው እንዴ?" እለዋለሁ።

"የሾፌር ሆድ ራሱ ይፈጫል" ይለኝና በዚያው ጥርሱ ይስቃል።

ሲፈጭ ሲፈጭ ራሱን ፈጨ። ጨጓራው ማቃጠል ከጀመረው ቆይቷል። እኔ ሐኪም ቤት ሂድ እላለሁ፣ እሱ ሶዳ በውሃ በጥብጦ ይጠጣና ያገሳል፤ ባገሳ ቁጥር የዳነ ይመስለዋል። በመጨረሻ ሚሌ ላይ ከመኪናው እንደ ወረደ ደም አስመለሰ። ሰዎች ተሸክመው ደሴ አደረሱት፣ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ አሳለፉት። እኔም አሰብ የማስተምራቸውን የሦስተኛ ክፍል ልጆች ለባልደረባዬ ጥዬ በአውሮፕላን በረርኩ። ስደርስ ቀዶ ጥገናው አልቋል፤ ከጨጓራው የሚበዛውን ቆርጠው ጥለውታል።

የቀደደው ሐኪም ነገር የማያበዛ ሰው ነበር። ጠረጴዛው ላይ የነበረችውን የቡና ስኒ አነሳና አሳየኝ።

"ወይዘሮ ሙሉመቤት፣ ከእንግዲህ የባለቤትዎ ጨጓራ ይቺን ታህላለች" አለኝ።

ከዚያ እኔን አስተማሪዋን እንደ ተማሪ ቁጭ አድርጎ አስጠናኝ። ምግቡ ትንሽ ትንሽ፣ ግን በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይሁን። አንዱ ጉርሻ ከሽምብራ አይበልጥ፣ አፉ ውስጥ ውሃ እስኪሆን ይታኘክ። ከምግብ ጋር ምንም አይጠጣ፤ ውሃውን ወይ ቀደም ብሎ ወይ ቆየት ብሎ። ማርና ስኳር የሚባል አይቅመስ፤ ከቀመሰና ካላበው፣ ልቡ ከመታ፣ ወዲያው ይጋደም። የሄደ ሥጋው የሚመለሰው በእንቁላል፣ በዓሣ፣ በወተት ነው፣ እነሱ በየቀኑ አይጉደሉበት። የደም መርፌውንም በየወሩ ይወጋ።

"ሳይታኘክ የተዋጠ ነገር መውጫው ላይ ይሰነቀራል" አለኝ። "ስፌቱ ደግሞ ገና ለጋ ነው። አሰብ ላይ ቢበጠስ እዚህ ሳይደርስ ያልቃል።"

"እኔ እያለሁ አይበጠስም" አልኩት።

"ሌላም አለ። አሁን ካለበት በላይ ከከሳም አይተርፍም። አብዝቶ መብላቱም፣ አለመብላቱም ይገድለዋል፤ መሃሏን መንገድ ይዘው እንዲሄዱ ነው የምለምንዎት።"

አሰብ አውሮፕላን ማረፊያ ስንወርድ ሊቀበሉት የመጡት ሾፌሮች በአጠገቡ አልፈውት ሄዱ። አላወቁትማ! የልብ ጓደኛው አባተ፣ ያንን መንገድ ዕድሜውን ሁሉ አብሮት የተመላለሰው፣ ተመልሶ ፊቱን አየና እንደ ልጅ አለቀሰ።

"ጋሼ፣ ምን አደረጉህ? ግድ የለህም፣ እኛ እናበላሃለን!" አለው።

እኔ ልቤ የደነገጠው ያን ጊዜ ነው።

የኛ ሰው በሽተኛ ሊጠይቅ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ያመጣውንም ሲበላለት ካላየ አይሄድም። ቤቴ ማር በማር፣ ቅቤ በቅቤ፣ ድፎ ዳቦ በድፎ ዳቦ ሆነ። ሁሉንም እግዜር ይስጥልኝ እያልኩ እቀበልና ጓዳ እቆልፍበታለሁ። ግን ሥራ አለኝ፣ ቀኑን ሙሉ በር ላይ አልቆም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢው ሰው ሞልቶታል። ክንፈ አልጋው ላይ ቁጭ እንዳለ ላቡ ይንጠፈጠፋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ከሸሚዙ በላይ ሲዘል ይታያል።

"ቡዳ ነው፣ ጤና አዳም አምጡ!" ይላል አንዱ።

"ምን ሰጣችሁት?" አልኩ።

ጎረቤቴ ታደለች፣ ደግ ሴት ናት አልዋሽም፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ "ኧረ ምንም! አጥሚት ብቻ። አንጀቱን ይጠግነው ብዬ ማር ጣል አድርጌበት" አለችኝ።

"ስንት?"

"አንዲት ጣሳ።"

ጣሳ! በስኒ ሆድ ጣሳ አጥሚት! "ውጡልኝ!" ብዬ ጮህኩ። ጤና አዳም የያዘውንም፣ የምታለቅሰውንም ገፍቼ አስወጣሁና ክንፈን በጀርባው አስተኛሁት። እጁን ይዤ ቁጭ አልኩ። ሐኪሙ ያለው ሁሉ አንድ በአንድ ሲደርስበት እያየሁ፣ ስፌቱ ይሆን እንዴ የተበጠሰው እያልኩ፣ አምላኬን ስለምን ቆየሁ። ቀስ እያለ ልቡ ተመለሰ፣ ላቡም ደረቀ።

"ለምን ጠጣህ? አልነገርኩህም?" አልኩት።

"በሞቴ አለችኝ" አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። "ምን ልበላት? ሙቺ ልበላት?"

ባዶዋን ጣሳ አንስቼ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ግን በሬን ዘጋሁ። ሊጠይቅ የመጣ ወንበር ይሰጠዋል፣ የያዘው ዕቃ በር ላይ ይቀራል። ሰፈሩ ምን አለ መሰላችሁ? "አስተማሪዋ ባሏን በረሃብ ልትፈጀው ነው" አለ። ከቀበሌ የሴቶች ማኅበር ሳይቀር አንዷ መጥታ "ጓድ ሙሉመቤት፣ ስሞታ ቀርቦብሻል፤ ለወዛደር ሾፌር በሽምብራ ልክ ታበያለሽ አሉ" አለችኝ። ኩርፍ ብዬ ሸኘኋት። ሰው የፈለገውን ያውራ፤ እኔን ያስፈራኝ የሰው ወሬ አልነበረም።

ያስፈራኝ ክንፈ ራሱ ነው። መጀመሪያ መጋረጃ ጀርባ ካልሆነ አልበላም አለ። ዓሣውን እሾሁን ለቅሜ፣ አድቅቄ አቀርብለታለሁ፤ በር ሲንኳኳ ሳህኑን አልጋ ሥር ይገፋዋል። "ያ ሁሉ ሰው የሚያውቀው ክንፈ እንደ ጡት ልጅ በየሰዓቱ ሲቀማምስ ይታይ?" ይላል። ቆይቶ አንዱን ሰዓት መዝለል ጀመረ፣ ከዚያ ሌላውን። "አልራበኝም" ነው መልሱ። ጉንጩ ገባ፣ የእጅ ሰዓቱ ወደ ክርኑ እየተንሸራተተ አስቸገረው። ሳጥበው የጎድን አጥንቱ እጄን ይቧጥጠኛል። ሐኪሙ አይተርፍም ያለኝ ክሳት ዓይኔ እያየ መጣ።

"ክንፈ፣ ልትሞትብኝ ነው ወይ?" አልኩት አንድ ቀን፣ በግልጽ።

"ሾፌር ከትሪ ከተነሳማ ሞቷል፣ ሙሉ" አለኝ። "እኛ መንገድ ላይ ማን ከማን ጋር እንደሚበላ ነው የምናየው። አብሮህ የበላ ሰው ጎማህ ሲፈነዳ ይቆምልሃል። አብሮህ ያልበላ አልፎህ ይሄዳል። እኔ ከማን ጋር ልብላ?"

ያን ጊዜ ተናደድኩ፣ ማን ላይ እንደሆነ ግን አላውቅም።

በዚህ መሃል አባተ መጣ። ሚስቱ ወንድ ልጅ ወልዳለት ኖሯል፤ የክርስትና አባቱ ክንፈ እንዲሆን ፈለገ። ክንፈ ከታመመ ወዲህ ፊቱ ሲፈካ ያየሁት ያን ዕለት ነው። እኔ አባተን እስከ ግቢው በር ሸኘሁትና ክንዱን ያዝኩት።

"አባተ፣ ይምጣ፣ ይቀመጥ፣ በልኩ ይብላ፣ ልጁን ይሳም፤ ግን ክንፈን አታጉርሱብኝ። እለምንሃለሁ።"

"እትዬ ሙሉ፣ አንቺ ደግሞ ሐኪም ሆነሽ አረፍሽው!" አለና ሳቀ። "ጉርሻ ደግሞ ሰው ገድሎ ያውቃል?"

እሁድ ሕፃኑ ተጠመቀ። ክንፈ ድሮ ልኩ የነበረውን ኮት ለብሶ፣ ኮቱ ብቻውን የቆመ መስሎ፣ ልጁን አቅፎ ከቤተ ክርስቲያን ወጣ። አባተ ግቢ ዳስ ተጥሏል፣ ከዳሱ ሥር ሾፌሮቹ በሙሉ አሉ። ያ የአሰብ ቀትር ነው፤ ቬንትሌተሩ ሙቀቱን ከማዞር በቀር ሌላ ሥራ አልሠራም። ክንፈን ከትልቁ ትሪ ራስ ላይ አስቀመጡት። እኔ ከሴቶቹ ጋር ነኝ፣ ዓይኔ ግን ከሱ ላይ አልተነሳም።

እጅ ከመታጠቡ አባተ እንጀራውን በሁለት እጁ ጠቅልሎ፣ የዶሮውን ሥጋ ከነእንቁላሉ ሸጉጦ፣ ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ይዞ ተነሳ።

"ጋሼ፣ ይቺ የልጅህ ናት። በሞቴ!"

"አባተ፣ ተው" አለ ክንፈ፣ በቀስታ።

"በዚህ በዛሬው ክርስቲያን ሞት!"

በተጠመቀበት ቀን በሕፃኑ ሞት ተብሎ እምቢ የሚል ሰው ማነው? ክንፈ ወደኔ አየ። አትቀበል ብዬ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። እሱም ዓይኑን ጨፈነና አፉን ከፈተ።

ጉርሻው ገባ። ሾፌሮቹ አጨበጨቡ፣ አንዷ እልል አለች፤ "አያችሁት፣ የድሮው ክንፈ!" አለ አንዱ። አባተ አንድ ብቻ ስለማይሆን ሁለተኛውን መጠቅለል ጀምሯል። እኔ የማየው ጉሮሮውን ነው። ለዘመናት ሳያኝክ የዋጠ ጉሮሮ፣ ልማዱ ሊወስደው ሲል ይታየኛል። ክንፈ አኘከ። ጉንጩ ተወጥሯል፣ ግንባሩ ላይ ላብ አለ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ሊውጠው አይችልም። ሊተፋው ደግሞ በልጁ ቀን፣ በልጁ ስም የተሰጠውን? አንገቱ ሽቅብ ሲል አየሁ።

"እንዳትውጠው!" ብዬ ተነሳሁ። የተቀመጡትን ሴቶች ረግጬ እንዴት እንዳለፍኩ አላውቅም። "ሆዱን ቆርጠውታል! የቀረችው ስኒ የምታህል ናት! ስስታም በሉኝ፣ ቀማኛ በሉኝ፣ እኔ ባሌን በናንተ ፍቅር አልቀብርም! ስፌቱ ቢበጠስ ማናችሁ ናችሁ የምትሰፉለት? አንተ ነህ አባተ?"

አንድ ሽማግሌ "ኧረ ሴትዮ፣ ነውር ነው" ሲሉኝ ሰማሁ። እኔ ግን አባተን ብቻ ነው የማየው። እሱም ክንፈን አየ፤ ያቺን የቀጠነች አንገት፣ የሰፋውን ኮሌታ፣ የሚወርደውን እንባ። ሁለተኛው ጉርሻ ከእጁ ትሪው ላይ ወደቀ።

ከዚያ አባተ ተንበረከከና መዳፉን ዘርግቶ ከክንፈ አገጭ ሥር ያዘ።

"በእጄ ላይ ትፋው፣ ጋሼ" አለ።

ክንፈ በአፍንጫው እየተነፈሰ አሻፈረኝ አለ።

"የሰጠሁህ እኔ ነኝ፤ የምቀበልህም እኔ ነኝ። ትፋው።"

ክንፈም በጓደኛው መዳፍ ላይ ተፋ። አባተ መዳፉን ጨብጦ ወጣ፣ ታጥቦ ተመለሰ፣ ትሪው ፊት እንደገና ተቀመጠ። ዓይኑ ቀልቷል። በዚያ ዘመን ከአሰብ ሽቅብ የሚወጣ መኪና ብቻውን አይሄድም፤ ወታደር አጅቦት፣ ተሰልፎ፣ በኮንቮይ ነው። አባተ ሾፌሮቹን የጠየቃቸው ስለዚሁ ነው።

"ኮንቮይ ላይ ቀስ ብሎ የሚሄደውን መኪና የት ነው የምናደርገው?"

"ፊት" አለ አንዱ።

"ለምን?"

"ኋላ ካደረግነውማ ጥለነው እንሄዳለን።"

"እንግዲያው እጃችሁን ከትሪው አንሱ።"

አነሱ። ያ ሁሉ ጎረምሳ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል ያልቀመሰ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። አባተ እንጀራውን በሽምብራ ልክ ቆራረሰ፣ እንቁላሉን በጣቱ አደቀቀ፣ በክንፈ በኩል ትሪው ጠርዝ ላይ ደረደረለት። ክንፈ አንዷን አንስቶ አፉ ውስጥ አደረገ። አኘከ። አሁንም አኘከ። እኛ ቆመን፣ እነሱ ተቀምጠው እንጠብቃለን። አንድም ሰው አልሳቀም፣ አንድም ሰው በርታ አላለውም። ሲውጥ እነሱም አንድ አንድ ጉርሻ ጎረሱና እንደገና እጃቸውን ሰበሰቡ። ወጡ ረጋ፣ እንጀራው ደረቀ፣ የአባተ ሚስት ጓዳ በር ላይ ቆማ ነጠላዋን ነከሰች። ክንፈ ጥቂት ከበላ በኋላ "በቃኝ" አለ። አባተ ያልተበላውን ትሪ አየ፣ ነገር ግን "እሺ ጋሼ" ብቻ አለ።

ቤት ስንደርስ ክንፈ እንደ ልማዱ መጋረጃው ጀርባ ሊገባ ነው ብዬ ጓዳ ገባሁ። የወንበር መጎተት ሰማሁ። ብቅ ስል ወንበሩን በረንዳው ላይ አውጥቶ፣ ፊቱን ወደ መንገድ አድርጎ ተቀምጧል። ኮቱን አውልቋል፤ ያ የከሳ ክንዱ ለመንገደኛው ሁሉ ይታያል። ማዶ ጥላው ሥር ታደለችና ጎረቤቶቹ አረፍ ብለዋል።

"ሙሉ!" ብሎ ተጣራ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ።

"ወዬ!"

"ራበኝ።"

ከዓሣ አጥማጆቹ መንደር ከበይሉል የመጣ ዓሣ ነበረኝ። እሾሁን ስለቅም እንባዬ ጣቶቼ ላይ ይወርዳል፣ እየሳቅኩም ነበር መሰለኝ። በትንሿ ሳህን አወጣሁለትና አጠገቡ ቆምኩ። እሱም ጎረቤቱ ሁሉ እያየው ቀስ ብሎ ማኘክ ጀመረ።