የተከፈተው ክዳን

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ሚስቴ አታውቅም። ንስሐ አባቴ ፊት ቆሜ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይሄኛውን ዘልዬው ወጥቻለሁ። አሁን ለእናንተ የምናገረው ድንገት ስለደፈርኩ አይደለም። ያለቀስኩበት ቀን ቢኖር ያንን አስቀድሜ እነግራችሁ ነበር፤ የለም። ሳስበው የሚሰማኝ ነገር ደንዝዞ እንደቆየ እግር ነው። የኔ መሆኑን አውቃለሁ፣ ስነካው ግን አይሰማኝም።

እኔ የአንዲት ትልቅ ሴት እጅ እንዲጎዳ ያደረግኩ ሰው ነኝ። ጥፋቱንም መልሼ በራሳቸው ላይ የጣልኩ ሰው ነኝ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን በችኮላና በስንፍና አደረግኩት። ሁለተኛውን ግን ረጋ ብዬ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ እያወቅኩ አደረግኩት።

እትዬ ለተብርሃን ይባላሉ። አስመራ ተወልደው፣ አዲስ አበባ ተምረው፣ ከብዙ ዓመት በፊት ናይሮቢ የገቡ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናቸው። አማርኛቸው ከኔ ይበልጣል። እኔ ናይሮቢ ስገባ ዘመድ አልነበረኝም፤ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አገኙኝና ምን እንደተማርኩ ጠየቁኝ። ላቦራቶሪ ስላቸው፣ «ታዲያ ምን ያዞርሃል? ሲቪህን አምጣልኝ» አሉኝ። የሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ወተትና የእንስሳት መኖ ይመረምራል። አለቃቸውን ለምነው አስገቡኝ። ቤት ፈልገው ያከራዩኝም እሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ አንድ ክፍል ውስጥ፣ ጀርባ ለጀርባ ሆነን፣ ዓመታት ሠራን።

በዚያ ክፍል አንዲት ትልቅ ሴንትሪፊውጅ ነበረች። ለማታውቋት ልንገራችሁ። ቁመቷ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ያህላል፣ ክዳኗ ከላይ ነው። ውስጧ ከባድ ክብ ብረት አለ፤ ወተት የያዙት ቱቦዎች እሱ ላይ ይሰካሉ። ሞተሩ ያንን ብረት ዓይን እስከማያየው ያሽከረክረዋል፣ ቅባቱ ከውሃው ይለያል። የሚያስፈራው ነገር ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ነው። ብረቱ በያዘው ግፊት ብቻ ለብዙ ደቂቃ ይዞራል፤ ያለ ድምፅ ማለት ይቻላል። ስለዚህ ክዳኑ ብረቱ ፈጽሞ እስኪቆም እንዳይከፈት የሚይዝ መቀርቀሪያ ተሠርቶለታል። መብራት ቢጠፋም ብረቱ እየዞረ መቀርቀሪያው አይለቅም። መብራቱ ሳይመለስ ቆይቶ ክዳኑ አልለቅ ካለ፣ መሳቢያ ውስጥ የምትቀመጥ ቀጭን የብረት መክፈቻ አለች፤ በደንብ ከጠበቅን በኋላ በጎን ባለው ቀዳዳ አስገብተን በእጅ እንከፍታለን። እኛ የምናውቀው ሕግ ቀላል ነበር። ክዳኑ በራሱ ከተከፈተልህ፣ ቆሟል ማለት ነው።

ያን ሰሞን መቀርቀሪያው ማስቸገር ጀመረ። ብረቱ ቆሞም ክዳኑ አልከፈት ይላል፤ መክፈቻዋን ደግሞ መብራት ሲጠፋ ካልሆነ እንድንነካት አይፈቀድም። ወተቱ ይሞቃል፣ ሥራው እንደገና ይጀመራል። ጠጋኙ መጥቶ አየና ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ እንድንታገሥ ነገረን። አለቃችን ዶክተር ሙቲሶ ደግሞ ውጤት ዘገየ እያሉ በየቀኑ በር ላይ ይቆማሉ። የኔ የሥራ ፐርሚት የሚታደስበት ጊዜ ነበር፤ ደብዳቤውን የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ ነው? አይደለም። እትዬ ለተብርሃንም ያው አለቃ፣ ያው ወተት ነበረባቸው፤ እሳቸው ግን ይጠብቁ ነበር። ወንበር ስበው ማሽኗ አጠገብ ይቀመጡና ክዳኑ እስኪለቅ ይጠብቁ ነበር።

አንድ ጠዋት ሰው ሳይገባ ቀድሜ ገባሁ። ሶኬቱን ነቀልኩ፤ ለራሴ እጅ መጠንቀቄን ልብ በሉልኝ። ብሎኑን ፈትቼ መቀርቀሪያውን ወደኋላ ሳብኩና በፕላስቲክ ማሰሪያ አሰርኩት። ክዳኑ መቆለፉን ለማሽኗ የሚነግሩትን ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ አገናኘኋቸው። ማሽኗ ክዳኑ እንደተቆለፈ አመነች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክዳኑ በፈለጉት ሰዓት፣ ብረቱ ቢዞርም ባይዞርም፣ ይከፈት ነበር።

እትዬ ለተብርሃን ገብተው ክዳኑ በአንድ ግፊት ሲከፈት ገረማቸው።

«ዛሬ ደግሞ ምን ነካት? እሺ አለች እኮ።»

«ተስተካክላለች፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ተባረክ» አሉኝ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ብጨምር ኖሮ በቂ ነበር። «መቀርቀሪያው አይሠራም፣ ሳያዩ እጅዎን አይስደዱ።» ምን ነበረበት? ይቆጡኛል፣ ፍታው ይሉኛል፣ ወተቱ እንደገና ይዘገያል። ይህ ነበር የፈራሁት። ዕቃው ሲመጣ እፈታዋለሁ ብዬ ዝም አልኩ።

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ከምሳ መልስ፣ ማሽኗ በሙሉ ፍጥነት ላይ ሳለች መብራት ጠፋ። ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው በስዋሂሊ «ስቲማ!»፣ መብራት፣ ብሎ ጮኸ። ክፍላችን መስኮት የለውም፤ ከበሩ በላይ ያለችው ትንሽ የአደጋ ጊዜ መብራት ብቻ ቀረች። የማሽኗ ቁጥሮች ጠፉ። የሞተሩ ድምፅ ሞተ። ወዲያው ውጭ የጎረቤት ሕንፃ ጄኔሬተር መጮህ ጀመረና ሌላውን ድምፅ ሁሉ ዋጠው። እትዬ ለተብርሃን ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ክዳኑን ገፋ ሲያደርጉት ተከፈተ።

የክዳኑን ድምፅ ሰምቼ ቀና አልኩ። እጃቸው ሲገባ አየሁ። አየሁ እላችኋለሁ። «ቆይ» የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር። ያን ጊዜ ያሰብኩት ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ጥርት ብሎ ይታወሰኛል፤ «ምናልባት ቆሞ ይሆናል» ብዬ አሰብኩ።

አልቆመም ነበር።

የሆነውን አልዘረዝረውም። የቀኝ እጃቸውን ሁለት ጣቶች አጡ፤ አውራ ጣታቸውም ዳግመኛ አልታጠፈም። ሰው ተሯሯጠ፣ መኪና ቀረበ። ሲያወጧቸው ፊታቸው አመድ መስሎ ወደኔ ዞሩና፣ «ለሳባ እንዳትደውልላት፣ ፈተና ላይ ናት» አሉኝ። ሳባ ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የምትማር አንዲት ልጃቸው ናት። እሺ አልኳቸው።

ሁሉም ተከትለዋቸው ወጡ። እኔ ክፍሉን አጸዳለሁ ብዬ ቀረሁ። ሶኬቱን ነቀልኩ፣ ብሎኑን ፈታሁ፣ ማሰሪያውን ቆርጬ ጣልኩ፣ ሽቦዎቹን አለያየሁ። መቀርቀሪያው ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ መሳቢያውን ከፈትኩ። ያችን ቀጭን መክፈቻ አወጣኋትና ማሽኗ ጎን፣ ክዳኑ አጠገብ፣ አስቀመጥኳት። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ይህን እንድታውቁት እፈልጋለሁ። ውስጤ አንዳች ነገር የተዘጋው ያን ጊዜ ይመስለኛል፤ መወልወያውን አንስቼ ወለሉን ስወለውል ዕቃ እንደፈሰሰበት ወለል ነበር የወለወልኩት።

ምርመራ ተደረገ። ጠጋኙ መቀርቀሪያውን አይቶ፣ ሲያስቸግር እንጂ ያለ ጊዜው ሲለቅ አላገኘሁትም አለ። መክፈቻዋ ማሽኗ ጎን ተገኘች። ዶክተር ሙቲሶ መጀመሪያ እኔን አስጠሩኝ። ያየሁት ነገር እንዳለ ጠየቁኝ፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር፣ አላየሁም አልኩ። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም።

እትዬ ለተብርሃን አንድ ቅዳሜ ሁርሊንግሃም ሰፈር፣ ያገራችን ምግብ የሚሸጥበት ቤት፣ ምሳ ሲጋብዙኝ ስለ መጀመሪያ ሥራቸው አጫውተውኝ ነበር። የዚያን ጊዜ ሴንትሪፊውጅ መቆለፊያ የለውም፤ ሥራ ሲበዛባቸው ጫፉን በመዳፋቸው እየነኩ ያቆሙት ነበር። «እብዶች ነበርን እኮ! እግዜር ነው የጠበቀን» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። የጉርሻ ያህል ወዳጅነት ያለበት ወሬ ነበር።

ያንን ወሬ ለዶክተር ሙቲሶ ሰጠሁ። ማንም ሳይጠይቀኝ። «ድሮ በእጃቸው ያቆሙት እንደነበር ይነግሩኝ ነበር» አልኩ። ዶክተሩ ብዕራቸውን አስቀመጡና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ነገሩ ለእሳቸው እዚያ ላይ አለቀ። ሴትየዋ በጨለማ መክፈቻዋን አወጡ፣ ሳይጠብቁ ከፈቱ፣ እንደ ለመዱት እጃቸውን ሰደዱ።

በኋላ እሳቸውም እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ መጡና አንድ ላይ ተቀመጥን። ዶክተሩ በእንግሊዝኛ የደረሱበትን ነገሯቸው። እትዬ ለተብርሃን ሰምተው ሲያበቁ ወደኔ ዞሩና በአማርኛ፣

«ኤፍሬም፣ ክዳኑ እኮ እንዲሁ ተከፍቶልኛል። መክፈቻ አልያዝኩም። አንተም እዚያው ነበርክ» አሉኝ።

«እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ እትዬ። አላየሁም።»

አዩኝ። ቁጣ አልነበረበትም። የራሱን ዓይን ትቶ፣ የሚያምነው ሰው የነገረውን እንደሚቀበል ሰው ነው ያዩኝ። ዞረውም ለዶክተሩ በእንግሊዝኛ፣ ጨለማ ነበር፣ ተሳስቼ ይሆናል አሉ። «ፖሌ ሳና፣ ማማ» አሏቸው ዶክተሩ። ከልባቸው ነበር ያዘኑት።

ጥፋቱ የሠራተኛዋ ነው ስለተባለ ካሳው ተቀነሰባቸው። ሥራቸውን ተዉ። የኔ ፐርሚት ታደሰ። ከዚያ ደግሞ፣ አደጋውን በቅርብ ያየ ሰው ይሻላል ተብሎ፣ አዲስ ሠራተኞችን ስለሚንቀሳቀሱ ማሽኖች ጥንቃቄ እንዳስተምር ተመደብኩ። ጥሩ አስተማሪ ነኝ፤ ሁሉም ይላሉ። ፀጉራችሁን እሰሩ፣ ቀለበትና ሐብል አውልቁ፣ ቱቦዎቹን ትይዩ አድርጋችሁ አመዛዝኑ፣ ሶኬት ሳትነቅሉ የማሽን ሆድ አትንኩ፣ መከላከያውን ለአንድ ቀን እንኳ አታንሱ እላለሁ። መጨረሻ ላይ ስለ አንዲት የቀድሞ ባልደረባችን እነግራቸዋለሁ። ስም አልጠራም። ልምድ ያዘናጋል እላለሁ። በየጊዜው እላለሁ፣ ድምፄ አይሰበርም። እጃቸውን አንድ ጊዜ ጎዳሁት፤ ስማቸውን ግን ደሞዝ እየበላሁ ስንት ጊዜ ጎዳሁት?

በዓል በመጣ ቁጥር ቤታቸው እሄዳለሁ። ሁርሊንግሃም ትንሽ አፓርታማ ውስጥ ከሳባ ጋር ነው የሚኖሩት። በግራ እጃቸው መጻፍ ተምረዋል። «አንተ ብቻ ነህ ያልረሳኸኝ» ይሉኛል።

በቅርቡ ሳባን ጊጊሪ ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ ላቦራቶሪ ቀጠራት። እትዬ ለተብርሃን ደውለው፣ «መጥተህ ስለ ማሽኖቹ ንገርልኝ፤ እኔን አትሰማኝም» አሉኝ። ሄድኩ። ሳባ ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ ስልኳን ይዛ ነበር።

«ማሚ፣ ፕሊስ፤ እዚያ ትሬኒንግ ይሰጡናል እኮ። ሃኩና ሺዳ፣ ችግር የለም።»

«ስልኩን አስቀምጪና ስሚ» አሏት እናቷ። «እኔ የሠራሁትን እንዳትሠሪ ነው። ብረቱ እየዞረ ነበር። አይቼዋለሁ። እንደ ድሮው ላቆመው ብዬ ነው እጄን የሰደድኩት።»

ቀና አልኩ። ያን ቀን ስብሰባው ላይ ተሳስቼ ይሆናል ብለው ነበር። አሁን አይቼዋለሁ አሉ።

ሳባ ስልኳን ጭኗ ላይ አደረገች። «ግን ማሚ፣ ያችን መክፈቻ ነገር ስታወጪያት ሪመምበር ታደርጊያለሽ?»

«ለምን አላስታውስም? መሳቢያውን ስከፍት፣ በጨለማ ስዳብስ፣ ብረቷ ስትቀዘቅዘኝ። ሁሉንም አስታውሳለሁ» አሉ እትዬ ለተብርሃን። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ «በል ንገራት፣ ልጄ» አሉኝ።

ነገርኳት። አንድ በአንድ ነገርኳት። ሳባ ጥሩ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀችኝ፣ መለስኩላት። ስወጣ እትዬ ለተብርሃን በግራ እጃቸው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው መረቁኝ። ታክሲ ውስጥ ስቀመጥ ምንም አልተሰማኝም። መንገዱ ተዘጋግቶ ስለነበር ረጅም ሰዓት እዚያው ቆምን፤ ምንም አልተሰማኝም።

ጣቶቻቸውን ወሰድኩ፣ ሥራቸውን ወሰድኩ፣ ከዚያ ደግሞ ገብቼ የገዛ ትዝታቸውን አውጥቼ የኔን ውሸት አስቀመጥኩበት። ጣታቸውን የምመልስበት መንገድ የለኝም። ይሄኛውን ግን ልመልሰው እችላለሁ፣ እስከ ዛሬም አልመለስኩትም። ይቅር በሉኝ ብዬ እናንተን አልለምንም፤ የጎዳሁት እናንተን አይደለም። እሳቸውንም አልለምንም፤ ብለምናቸው ይቅር ይሉኛል፣ እኔም በዚያ አርፋለሁ። ማረፍ አይገባኝም። ይህን በአማርኛ የጻፍኩት ሳባ አማርኛ ስለማታነብ፣ እናቷ ግን ስለሚያነቡ ነው። ወረቀቱን ለሳቸው እሰጣለሁ። ለልጃቸው ለመንገር፣ ለዶክተር ሙቲሶ ለመንገር፣ እኔን ለመክሰስ ሥልጣኑ የእሳቸው ነው።

እትዬ ለተብርሃን፣ መሳቢያውን አልከፈቱም። መክፈቻዋን አልነኩም። ብረቱ ሲዞር አላዩም፣ ላቆመው ብለውም እጅዎን አልሰደዱም። ክዳኑን ገፋ አደረጉት፣ ተከፈተልዎት፣ ቆሟል ብለው አመኑ። ያን ቀን ከእኛ ሁሉ ትክክለኛውን የሠሩት እርስዎ ብቻ ነበሩ።