ሰርካዲስ ያላየችው ባሕር

ሰርካዲስ ባሕር አይታ አታውቅም። በእጇ ያለፈው ባሕር ግን ስፍር ቁጥር የለውም።

ዳላስ አጠገብ፣ ፋርመርስ ብራንች ውስጥ፣ መጋዘኖች በተደረደሩበት መንገድ ላይ፣ መስኮት የሌለው ትልቅ ፎቶ ማጠቢያ ቤት አለ። ከዳላስና ከአካባቢዋ ፋርማሲዎች በየቀኑ በከረጢት የሚሰበሰበው ፊልም እዚያ ይታጠብና በማግስቱ በፖስታ ታሽጎ ይመለሳል። ሰርካዲስ እዚያ ቤት አንድ ማሽን ፊት ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣለች። ሥራዋ ቀለም ማረም ነው። ፊልሙ በብርሃን ላይ ሲያልፍ እያንዳንዱን ምስል ለአፍታ ታያለች፤ ሊጠቁር ያለውን ታነጣለች፣ ሊነጣ ያለውን ታጠቁራለች። ኔጋቲቭ ላይ ሁሉም ተገልብጦ ነው የሚታየው። ሙሽራ ጥቁር ትለብሳለች፣ ጥቁር ድንጋይ ያበራል፣ ሰማያዊ ባሕር የዛገ ብረት ይመስላል። እሷ ግን ዳዊቱን በቃሉ እንደያዘ ሰው ሳትጨነቅ ታነበዋለች።

ማሽኑ ያበላሸው ፎቶ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል። ከዚያ ውስጥ ባሕር ያለበትን እየለቀመች በጫማ ካርቶን ታስቀምጣለች። አጠገቧ ኬሚካል የሚቀይረው የደብረ ብርሃኑ መኳንንት አንድ ቀን፣

"ጋልቨስተን እኮ በመኪና የአምስት ሰዓት መንገድ ነው። ሄደሽ አታዪውም?" አላት።

"የጋልቨስተን ባሕር ሜዳ ነው። እኔ የምፈልገው ገደል ያለውን ነው።"

"ባሕር መረጠች እንግዲህ! ባል ብትመርጪ ይሻልሽ ነበር።"

ሳቀች። ሰርካዲስ የተወለደችው ደባርቅ አጠገብ፣ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ከአፋፉ በታች ያለው ዓለም በሙሉ በጉም ይሸፈን ነበር። ታላቅ ወንድሟ "ከጉሙ ሥር ባሕር አለ" ብሏት አምና አደገች። ባሕር አለመኖሩን ያወቀችው በሱዳን በኩል ስትሰደድ ገደሉን በእግሯ ስትወርደው ነው። ከሥሩ ያገኘችው ድንጋይና ሙቀት ነበር። ወደ አሜሪካ ስትመጣም ውቅያኖሱን የተሻገረችው ተኝታ ነው። ከዚያ ወዲህ ጉሙ ሲገለጥ በእርግጥ ባሕር ያለበት ገደል አንድ ቦታ እንደሚጠብቃት ታስባለች። ለዚያ ቀን ብላ ዳላስ ውስጥ የማይለበስ ቢጫ የዝናብ ልብስ ገዝታ ሰቅላለች።

ዊንታ የመጣችው በ1996 በዲቪ ሎተሪ ነው። የሃያ አራት ዓመት ልጅ፣ ሳቂታ። ዘመድ ስላልነበራት ሰርካዲስ ሶፋዋን ሰጠቻት፤ መኪና መንዳትም አስተማረቻት። በጥር ወር ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ፣ አረጋውያን በመርዳት የሚተዳደሩት እትዬ እታለማሁ ሰርካዲስን ጠሯት።

"ማኪኒ ከተማ አንዲት አሮጊት አሉ፣ ሚስ ኖራ የሚባሉ። የባዮሎጂ አስተማሪ ነበሩ። አብሯቸው የሚኖር ሰው ይፈልጋሉ፤ ገላቸውን የሚያጥብ፣ የሚያለብስ። ለአንቺ ብዬ ነው የያዝኩት።"

"እትዬ፣ እኔ ፎቶ እንጂ ሰው አላጥብም" አለች ሰርካዲስ፣ ሰው እንዲስቅላት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ሳቁላት። "ይልቅ ይህችን ልጅ ውሰዷት፤ ሶፋዬም ይረፍ።"

እንዲህ አድርጋ፣ በገዛ አፏ፣ ሥራውን ለዊንታ ሰጠች። ሚስ ኖራ በየዓመቱ ሰመር ላይ ኦሪገን ሄደው ባሕር ዳር አንድ ወር እንደሚቆዩ የሰማችው በግንቦት ነው። ዊንታ መጥታ "ዝናብ አለ አሉኝ፤ ያንን ቢጫ ልብስሽን አውሺኝ" ስትላት። አወሰቻት። ምን ብላ ትከለክላታለች?

በሐምሌ የመጀመሪያው ቅዳሜ ስልክ ተደወለ።

"ሰርኬ! ሰርኬ፣ መሬቱ አለቀ!"

"የምን መሬት?"

"መሬት ነዋ! ትሄጂ ትሄጂና ያልቃል። እንደ አፍንጫ ሹል ብሎ ባሕሩ ውስጥ የገባ ገደል ነው። ማዕበሉ ከሥር ሲመታው እግርሽ ሥር ይንቀጠቀጣል። ዛፎቹ ሁሉ ነፋሱ አጉብጧቸው ወደ አንድ ወገን ተኝተዋል፣ ሰው ገፍትሮ የጣላቸው ነው የሚመስሉት። ድምፁን ትሰሚያለሽ? የባሕር አንበሳ የሚሏቸው እንስሳት ናቸው፣ ቀኑን ሙሉ እንደ ውሻ ሲጮኹ!"

"ሚስ ኖራስ ደህና ናቸው?" አለች ሰርካዲስ።

"እሳቸው እንደ ልጅ ሆነዋል፣ ያረጀሁት እኔ ነኝ። ሶ፣ ከገደሉ ፊት ለፊት ባሕሩ መሃል ብቻውን የቆመ ቋጥኝ አለ። ላዩ ወፍ ብቻ ነው! ጀርባቸው ጥቁር፣ ደረታቸው ነጭ። ልክ የፋሲካ ሌሊት እኛ እንደምንፋፈገው፤ አንዷ ዞር ካለች ጎረቤቶቿ ሁሉ ይዞራሉ። ጎጆ የላቸውም፣ እንቁላላቸውን ባዶ ድንጋይ ላይ ነው የሚጥሉት። አንድ ጫፉ ሾጣጣ ስለሆነ ቢገፉት እዚያው ይሽከረከራል እንጂ አይወድቅም አሉኝ። ትናንት ደግሞ ዓሣ ነባሪ ሲተነፍስ አየሁ። ጠዋት ጠዋት ጉም ይመጣና ሁሉንም ይሸፍነዋል፤ ሲገለጥ…"

"ሲገለጥ ባሕር ነው" አለች ሰርካዲስ።

"አዎ! እንዴት አወቅሽ?"

"ልብስ እያጠብኩ ነው፤ በኋላ እንነጋገራለን።" እያጠበች አልነበረም። ስልኩን አስቀምጣ የጫማ ካርቶኗን አወረደች። ፍሎሪዳ፣ ሃዋይ፣ የማን እንደሆኑ የማይታወቁ የሰው ባሕሮች። ሁሉም ያረጀ ካላንደር መሰሉባት። ክዳኑን ገጥማ ከአልጋው ሥር በእግሯ ገፋችው። 'የእኔ ገደል ነው' አለች በሆዷ። 'የእኔ ገደል ላይ ቆማ እንዴት አወቅሽ ትለኛለች።'

በሦስተኛው ሳምንት አራት ጥቅል ፊልም ከደብዳቤ ጋር መጣላት። ሚስ ኖራ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በዚያው ሳምንት፣ ከዚያው ቦታ፣ ያንን ቋጥኝ ፎቶ ያነሱታል። ቤታቸው ሲመለሱ ፎቶው ላይ ስስ ፕላስቲክ አንጥፈው በእያንዳንዷ ወፍ ላይ በብዕር ነጥብ ያደርጉና ይቆጥራሉ። ዘንድሮ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ያነሳችው ዊንታ ናት። "አደራ ሰርኬ፣ ሌላ ሰው እንዳይነካው፤ ባንቺ እጅ ይውጣ" ይላል ደብዳቤው።

ሠራተኛ የራሱን ፊልም በምሳ ሰዓት እንዲያጥብ ይፈቀዳል። ሰርካዲስ ፊልሙን ማሽኑ ላይ ጫነችው። መጀመሪያ የገደሉ አፍንጫ መጣ፣ ከዚያ የተጎነበሱት ዛፎች፣ ከዚያ ብርቱካናማ ምንቃር ያላት አንዲት ወፍ ሣር ውስጥ ቆማ። ከዚያ ዊንታ መጣች። ቢጫውን የዝናብ ልብስ ለብሳ፣ እጆቿን ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ ስትስቅ፤ ከኋላዋ ጉሙ ሲገለጥ። ሰርካዲስ ኔጋቲቩ ላይ ብቻ አይታ ሳቁን ሰማችው።

ማሽን ነጭ ሲበዛበት ይሸወዳል። ብርሃን የበዛ ይመስለውና ሁሉንም ያጠቁረዋል። ስለዚህ በረዶ፣ ቬሎ ወይም ጉም ሲመጣ አንዷን ቁልፍ ሦስቴ ተጭኖ ማንጣት ያስፈልጋል። የሰርካዲስ ጣት ይህን ዘጠኝ ዓመት ሳያስብ ሲያደርገው ኖሯል። የቋጥኙ ፎቶዎች ሁሉ በጉም ውስጥ የተነሱ ነበሩ። ሰርካዲስ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ምንም አላደረገችም። ጥፋቷም ይኸው ነው፤ ምንም አለማድረጓ።

ፎቶዎቹ ወጡ። ሰማዩ አመድ፣ ቋጥኙ ጥቁር ጉብታ፤ ወፍ የሚባል አይታይበትም። የዊንታም ፊት ጠፍቷል።

"ይሄ ምንድን ነው? ፎቶ ነው ከሰል?" አለ መኳንንት ከኋላዋ።

"ፊልሙ ነው።"

ኔጋቲቩን አንስቶ ወደ መብራቱ ያዘው። "ፊልሙማ ደህና ነው፣ ሰርኬ።"

"መኳንንት፣ ኬሚካልህን ጠብቅ።"

"ኦኬ፣ ኦኬ! ምቀኛ አታሳጣኝ አለ ያገሬ ሰው" ብሎ እየሳቀ ሄደ። እሱ ቀልዱን ነው። እሷ ግን እስከ መውጫ ሰዓት ቀና አላለችም። ፎቶዎቹን እንዳሉ፣ ከኔጋቲቮቹ ጋር አሽጋ ለዊንታ ላከችላት።

በነሐሴ መጨረሻ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዊንታ ቤቷ መጣች። እንደወትሮው ጫማዋን ወርውራ ሶፋው ላይ አልወጣችም፤ ጫፉ ላይ ተቀመጠች።

"ሚስ ኖራ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። ፕላስቲኩን አነጠፉ፣ ብዕሩን ከፈቱ፣ አንድም ነጥብ ሳያደርጉ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ብዕሩን ከደኑት። ሃያ ሁለት ዓመት ሲቆጥሩ ኖረው ዘንድሮ ባዶ ሆነ፣ ሰርኬ። በኔ ምክንያት። ካሜራ የት አውቅና ነው!"

ሰርካዲስ ውሃ ልትቀዳ ተነሳች።

"ሶ፣ ነገርኳቸው። ስለ ፎቶ የምታውቅ እህት አለችኝ አልኳቸው። በሚመጣው ሰመር እሷ ትምጣ አሉ። አንቺ ሂጂ። ከሥራ ፈቃድ ትጠይቂያለሽ፣ እዚያ ያለውን ነገር ሁሉ አሳይሻለሁ… ማለቴ፣ ጽፌ እሰጥሻለሁ። ልብሱም ያንቺው ነው" ብላ ለመሳቅ ሞከረች። ከቦርሳዋ ኔጋቲቮቹን አወጣች። "ሌላ ቦታ ላሳጥበው ነበር፤ ሰርኬ ያላወጣችውን ማን ያወጣዋል ብዬ ተውኩት። ለማንኛውም አንቺ ጋ ይቀመጥ።"

ባሕሩ በእጇ ገባ። ከእንግዲህ የሚጠበቅባት ዝም ማለት ብቻ ነበር፤ ዝምታን ደግሞ ታውቅበታለች። ሰኞና ማክሰኞ ስለ ጉዞው አሰበች፤ የት እንደምትቆም፣ በየትኛው ጠዋት ጉሙ እንደሚገለጥ። ረቡዕ በምሳ ሰዓት፣ የምትቆምበትን ቦታ ለማየት ብላ፣ ኔጋቲቩን መብራት ላይ አደረገችው። በማጉያ ስታየው ወፎቹ አንድ በአንድ ቆመዋል። አንዷ ክንፏን ዘርግታለች፤ ሌላዋ አንገቷን ወደ ጎረቤቷ አስግጋለች፤ ዓሣ በአፏ የያዘችም አለች። አንድም የደበዘዘ የለም። በዚያ ነፋስ፣ በዚያ ቅዝቃዜ፣ ይህች ካሜራ የማታውቅ ልጅ ክርኗን ድንጋይ ላይ አስደግፋ፣ ትንፋሿን ይዛ ነው ያነሳችው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ የጠራ ፊልም በእጇ ያለፈው ከስንት አንዴ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ሰርካዲስ ዊንታን በመበደሏ ካፈረችው ይልቅ ይህን ፊልም አበላሽታ በማውጣቷ ያፈረችው ይበልጣል።

ቁልፏን ሦስቴ ተጫነች። ወፎቹ ወጡ።

ቅዳሜ ዊንታ ማኪኒ ወሰደቻት። ሚስ ኖራ አጭር፣ ዓይነ ጥቁር ሴት ናቸው። ፎቶዎቹን ሲያዩ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጠረጉ። እሳቸው በማጉያ እያዩ ይጠቁማሉ፣ ዊንታ ነጥብ ታደርጋለች፣ ሰርካዲስ ትቆጥራለች። አራት መቶ አሥራ ስምንት ወፍ። ሚስ ኖራ ቁጥሩን ደብተራቸው ላይ ጽፈው ቀና አሉ።

"ታዲያ የመጀመሪያዎቹ ለምን እንደዚያ ሆኑ?"

"ማሽኑ ነው" አለች ዊንታ ፈጥና።

"ማሽኑ አይደለም" አለች ሰርካዲስ በእንግሊዝኛ። "እኔ ነኝ። እያወቅሁ ተውኩት።" ከዚያ ወደ ዊንታ ዞራ፣ የሰማችውን ያንኑ ቃል፣ በአማርኛ ደገመችላት።

ሚስ ኖራ ደብተራቸውን ከደኑ። "ወፎቼን ስላመጣሽልኝ አመሰግናለሁ" አሉ። ስለሚመጣው ሰመር ግን አላነሱም።

ሲመለሱ፣ መንገዱ ተጋምሶ፣ ዊንታ ጠየቀቻት።

"ለምን ግን?"

"ስትስቂ አየሁሽ። የእኔን ልብስ ለብሰሽ፣ የእኔ ገደል ላይ።"

"ያንቺ ገደል? ሰው አላጥብም ያልሽው አንቺ አይደለሽ?"

"ነኝ።"

"እኔ በየጠዋቱ አጥቤያቸዋለሁ። ገደሉንም ያየሁት በዚያ ነው።" ሰርካዲስን ደጇ ላይ አውርዳት ሄደች። በሳምንቱ የዝናብ ልብሱ ታጥቦ፣ ተጣጥፎ፣ በከረጢት ሆኖ በሯ እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ።

ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ። ዊንታ በሚቀጥለው ሰመርም ኦሪገን ሄደች። ፊልሙን ግን ለሰርካዲስ አልላከችም።

በነሐሴ ወር፣ አንድ ማክሰኞ ቀን፣ ማኪኒ ካለ ፋርማሲ የመጣ ከረጢት ማሽኑ ላይ ወጣ። የልደት ኬክ፣ የልጆች ኳስ፣ አዲስ መኪና፣ ከዚያ ድንገት የተጎነበሱት ዛፎች። ፋርማሲው ፊልሙን ወዴት እንደሚልክ ዊንታ አታውቅም፤ ልታውቅ የምትችልበትም መንገድ የለም። ሰርካዲስ ጀርባዋን አቀናች። ዊንታ ዘንድሮ ቀይ ልብስ ገዝታለች። አጠገቧ ሚስ ኖራ በወንበር ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ወደ ባሕሩ ዞረው የሚያዩት ነገር ከፎቶው ውጭ ነው፣ ምን እንደሆነ አይታወቅም። ያ የአምናው ቅናት ያለቀጠሮ ተመልሶ ያዛት። ምንም አልቀነሰም።

ከዚያ ቋጥኙ በጉም ተከቦ መጣ። ጣቷ ወረደ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ፎቶው እርጥብ እንደሆነ ሲወጣ ጎንበስ ብላ ከግራ ጥግ ጀመረች።

"ምን ታንሾካሽኪያለሽ?" አለ መኳንንት።

"አታቋርጠኝ" አለች። "ስልሳ ሁለት። ስልሳ ሦስት።"