የመቲው ረድፍ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኃላፊዬ አቶ ሙሉዓለም የውፍረት መለኪያ ካሊፐር፣ የቁመት መለኪያ ዘንግና የመመዝገቢያ ቅጽ ሰጥተውኝ በአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ወዳለው የሙከራ ማሳ ወሰዱኝ። «አሪየት፣ የዛፉን ውፍረት የምትለኪው ግንዱ ከአፈር በሚወጣበት ቦታ ነው» አሉኝ።

ማሳው ላይ ያለው ዋንዛ ብቻ ነው። ዘሩ ግን ከየቦታው የመጣ ነው፤ አንዱ ረድፍ ከወይና ደጋው ከመቲ፣ አንዱ ከዚሁ ከባሮ ወንዝ ዳር፣ ሌሎቹም ከሌላ። ሙቀቱ እየባሰ ሲሄድ የትኛው ዘር እንደሚችለው ለማወቅ ነበር የተተከለው።

የሚኮተኩቱትና የሚጠብቁት አባባ ኡጁሉ ነበሩ፤ ከአባቴ ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያመለኩ ሽማግሌ። ፍየል አስገብተው አያውቁም።

በሁለተኛው በጋ ሌላው ረድፍ ሲሳሳ የመቲው ሙሉ ሆኖ ቆመ። አቶ ሙሉዓለም አይተው ተደሰቱ። በኩሌ የስደተኞች መጠለያ ዙሪያ የሚተከለው ይኸው ዘር እንዲሆን ሊጽፉ አሰቡ።

እኔ ልለካ ገባሁ። ብዙዎቹ ግንዶች ካለፈው ልኬት ቀጥነው አገኘኋቸው። ዛፍ ደግሞ አይቀጥንም። ተንበርክኬ አፈሩን ስጭር በቅርብ የተቆፈረ ነው፤ የችግኝ ፕላስቲክ ቅዳጅም ወጣ።

«አባባ፣ እነዚህን ማን ተከላቸው?»

«እኔ ነኝ» አሉ፣ ሳይደብቁ። «የመቲዎቹ ሲደርቁ ወንዝ ዳር ካለው ችግኝ ጣቢያ አምጥቼ ተካሁ። ረድፉ ተራቁቶ አንቺ እንዳትወቀሺ ብዬ ነው።»

ብናገር እንጀራቸውን ያጣሉ። ዝም ብል ኩሌ ያሉ ሰዎች የማይጸድቅ ዛፍ ሲተክሉ ይከርማሉ። በሦስተኛው ቀን ለአቶ ሙሉዓለም ተናገርኩ።

አቶ ሙሉዓለም የልኬት ቅጹን ተቀብለው አዩ። «የተተካውን ንቀዪና ሞቷል ብለሽ መዝግቢ» አሉኝ። «ሽማግሌውን ግን ላቆያቸው አልችልም።»

ስነቅል አባባ ኡጁሉ መጡ። «በሕይወት ያለ ነገር ትነቅያለሽ?» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የነገርኳቸው፤ የሚደርቀውም ዛፍ ለሙከራው መልስ እንደሆነ፣ ያንን ለማየት እንደተከልነው።

ሰምተው ሲጨርሱ፣ «አስቀድመሽ ብትነግሪኝ አልነካውም ነበር» አሉ። ከዚያ የተኩትን አንድ በአንድ እየጠቆሙ አሳዩኝ።

በወሩ መጨረሻ ተሰናበቱ። ወደ ኩሌ የመቲው ዘር አልሄደም፤ ከቀሩት ረድፎች ጥቂት ብቻ የደረቀበት የባሮ ዳሩ ሄደ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ይጨብጡኛል፤ ስለ ዛፍ አናነሳም።

አሁን አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር፣ መኮትኮቻ ከመስጠቴ በፊት ማሳው የተተከለበትን ምክንያት እነግረዋለሁ። ያልተነገረው ሰው ሙከራን በደግነት ያበላሻል። መንገሩ የእኔ ሥራ ነበር።