የቆርቆሮው ጥሩር

ያን ቀን ከቀትር በኋላ ጣሊያን በሠራው የትምህርት ቤታችን አዳራሽ የነበርነው እነዚህ ነን። ዲሬክተሩ በሩ አጠገብ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው። ከህንድ አገር የመጡት የእንግሊዝኛ መምህራችን ከመድረኩ ግርጌ፣ የተውኔቱን ወረቀት ይዘው። አንዲት የክፍላችን ልጅ መድረኩ ላይ ተዘርራ፣ ከቤት ተጠርተው የመጡት እናቷ ከራስጌዋ ተንበርክከው። የብረት ሠሪው ልጅ መድረኩ መሃል፣ እንደ ቆመች። እኔ መጋረጃው ጫፍ፤ ሥራዬ ቃል ለጠፋበት ማስታወስ ነበር። የብረት ሠሪው ልጅ አባት ውጭ ወይራው ሥር ነበሩ። ይግቡ ያላቸው አልነበረም።

እነዚህ አባትና ልጅ ከከተማው ወጣ ብላ ካለችው መንደር፣ ከወለቃ ነበር የሚመጡት። እናቷ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ዛሬ ቤተ እስራኤል ይባላሉ። ያኔ እኛ በሌላ ስም ነበር የምንጠራቸው፤ እዚህ አልደግመውም። ብረት የሚሠራ ሰው ዓይኑ ይበላል፣ ያየውን ያሳምማል ይባል ነበር። ከእነሱ ቤት የወጣ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ አይቀበሉትም። መሬት ላይ ያስቀምጡታል፣ ገለል ሲሉ ያነሡታል። እናቴም እንዲሁ ታደርግ ነበር።

ተውኔቱ ስለ ሰው ሠራሾች ነው። አንድ ፋብሪካ ሰው የሚመስሉ ሠራተኞች እያመረተ ይሸጣል። ያርሳሉ፣ ይፈጫሉ፣ ይሸከማሉ፤ ነፍስ ግን የላቸውም ይባላል። በኋላ ይነሡና ጌቶቻቸውን ያጠፋሉ። መምህሩ በእንግሊዝኛ አሳጥረው ጻፉት፣ ወደ አማርኛ የመለሰችው የብረት ሠሪው ልጅ ናት። በእንግሊዝኛ የሚቀድማት አልነበረም። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ወደ ሕዝቡ ዞራ «እኔም ሰው ነኝ» የምትለውን ሰው ሠራሽ ሴት እንድትጫወት መምህሩ መረጧት። የአገረ ገዥው ባለቤት ሊያዩ ይመጣሉ ተብሎ ነበር። ዲሬክተሩም፣ ያን ክፍል አሳምራ ለተጫወተች ልጅ አዲስ አበባ የመምህራን ማሠልጠኛ የሚያስገባ ደብዳቤ እጽፋለሁ ብለዋል። ደብዳቤው ከቀረ ወለቃ ተመልሳ እንደምትዳር ነግራኛለች።

መጀመሪያ ያነበብነው ዕለት መምህሩ፣ ሰው ሠራሾቹ አይበሉም፣ አይጠጡም ቢሉ፣ ያች ኋላ የወደቀችው ልጅ «እንግዲያማ የበቁ ባሕታውያን ናቸው! ሁዳዴ ምናቸውም አይደል» ብላ ክፍሉን በሳቅ አፈረሰችው።

ልብሱን የሠሩት የብረት ሠሪው ልጅ አባት ናቸው። የላምባ ቆርቆሮ ቀጥቅጠው ሦስት ጥሩር ሠሩ፣ ከደረት እስከ ወገብ የሚይዝ፣ በጠፍር የሚታሰር። ሸጋ ሥራ ነበር። ያን ቀን የጠበበ ካለ ሊያስተካክሉ መቀሳቸውን ይዘው መጥተዋል። ያች ቀልደኛዋ የክፍላችን ልጅ አንዱን ጥሩር እንደ ለበሰች አንድ ሰዓት ያህል ቆማ ወደቀች።

እናቷ ከመሐረባቸው ጤና አዳም ፈትተው አፍንጫዋ ላይ ያዙ።

«ተናገሪ! ማን ነው የበላሽ?»

ልጅቱ ዓይኗን ገለጥ አደረገች። «ውሃ» አለች።

«ውሃ ይላል ደግሞ! ስምህን ተናገር እንጂ፣ አንተ ሌባ!»

መምህሩ ግራ ገብቷቸው ምን እንደሚሉ በእንግሊዝኛ ጠየቁ። ዲሬክተሩ «ራሷን አሟት ነው» ብለው መለሱላቸው።

እናትየው ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ አጠገቧ ነበርሽ። ስትወድቅ ማን ነበር የሚያያት?»

ጠዋት መንገድ ላይ የወደቀችው ልጅ፣ ስእለት አለብኝ፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመስኩም፣ ለማንም እንዳትነግሪ ብላኛለች። የአዳራሹም ጣራ ቆርቆሮ ነው፣ ፀሐዩም ከባድ ነበር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። የሰው ሠራሿንም ሴት ቃል ከዳር እስከ ዳር አውቀዋለሁ።

«ከፊቷ የቆመችው እሷ ናት» አልኩ፣ የብረት ሠሪውን ልጅ እያሳየሁ። ሐሰት አልነበረም።

«በሉ ስሙ!» አሉ እናትየው። «ወይ እሷ ትውጣ፣ ወይ ልጄን እወስዳለሁ። ነገ ሌላዋም እናት ትወስዳለች።»

«ኧረ እሜቴ፣ ይህ እኮ ትምህርት ቤት ነው» አሉ ዲሬክተሩ።

«ቢሆንስ ጌታዬ? ዓይን ፊደል ይፈራል?»

ዲሬክተሩ ማንንም ሳያዩ የብረት ሠሪውን ልጅ «አውልቂው» አሏት። «የሷን ቃል የሚያውቅ አለ?»

«እኔ አውቃለሁ» አልኩ።

«ቆርቆሮውስ?» አሉ እናትየው።

«ጠበል ይረጭበታል።»

የብረት ሠሪው ልጅ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ደብዳቤውስ፣ ጌታዬ?»

«ደብዳቤው ለምትጫወተው ነው።»

ደብዳቤው ለእኔ ተጻፈ። አባቴ ሴት ልጅ አዲስ አበባ አልልክም አለ። ወረቀቱ እስካሁን ሳጥኔ ውስጥ አለ።

ጠፍሩን ራሷ ፈታች። ጥሩሩን ይዛ ወደ እኔ መጣች። እጄን አልዘረጋሁም። እሷም እንደምዘረጋ አልጠበቀችም፣ እግሬ ሥር ወለሉ ላይ አስቀመጠችውና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች። አነሣሁት። ገና ሙቀቷ አለበት።

«በግራ በኩል ነው የሚታሰረው» አለችኝ። «‹እኔም› ካልሽ በኋላ ትንሽ ቆይ። ቶሎ አትበይው።»

ወጣች። በሩ ክፍት ስለነበር የአባቷን ድምፅ ሁላችንም ሰማን።

«ምነው ልጄ፣ ጠበበሽ?»

«አይ አባ፣ ልክ ነው።»

መቀሱን ከእጃቸው ተቀበለች፣ የወለቃን መንገድ ይዛ ሄደች።