በእግሬ ፎቶ ላይ የተቀመጥሁት ሽምግልና

ከሞላሌ የተነሣሁት ገና ሳይነጋ፣ ከልጄ ከወርቄ ጋር ነው። ጉዳዩ ቀኝ እግሬ። ሃያ እርምጃ ስሄድ ባቴን ሰንጎ ይዞ እንደ ሰነፍ በሬ ያቆመኛል። የጤና ጣቢያው ሰው ጣቶቼን ዳሰሰና፣ "ደም ሥሩ ተዘግቶ ከሆነ እግሩ እስከ መቆረጥ ይደርሳል፤ ደብረ ብርሃን ሄደው በፎቶ ይታዩ" አለኝ።

ጣርማ በር ላይ ጉም ዋጠን፤ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነዳ። ሳልበላ እንድመጣ ታዝዤ ነበርና፣ አጠገቤ ያለው ሰው ቆሎ ሲቆረጥም እኔ ምራቄን ዋጥሁ።

አራት ሰዓት ላይ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል፣ የፎቶ ማንሻው ማሽን ውስጥ ተጋደምሁ። ደም ሥሩን በፎቶው ላይ የሚያሳይ ቀለም በክንዴ ሲገፉብኝ ሰውነቴን ሙቀት ወረረኝ፤ የሸናሁ መስሎኝ ተወራጭቼ ሱሪዬን ዳሰስሁ። ተመስገን፣ ደረቅ ነው።

ፎቶ ያነሣችኝ ልጅ፣ "ሁለት ሐኪሞች ለየብቻ አይተው፣ ደም ሥሩ ምን ያህል ጠርቶ እንደሚታይ ከአምስት ነጥብ ይሰጣሉ። ከሦስት በታች ከሆነ እንደገና እናነሣዎታለን" አለችኝ። ገባኝ አልሁ። አልገባኝም።

የመጀመሪያው ሐኪም አይቶ ሲወጣ በር ላይ ያዝሁት። "እግሬ ስንት አመጣች?"

"ሁለት" ብሎ አመለጠው።

እግሬ ወደቀች! ቀጥላ አንዲት ሐኪም ገባች። አንገቴን አስግጌ፣ "አንቺስ ልጄ?" አልኋት።

"አራት ልሰጠው ነው።"

አርባ ዓመት የሸመገልሁ ሰው ይህን ሰምቼ ዝም ልበል? "ያኛው ሁለት ብሏል። በእኔ ሞት፣ ሦስት ላይ ተገናኙ!" ድንጋይ መሸከም ብቻ ነው የቀረኝ።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ውይ አባቴ! ለምን ነገሩኝ? የእሱን ነጥብ ከሰማሁ በኋላ የኔ ዓይን አያገለግልም።"

"ሰላም ላወርድ ነዋ!"

"ነጥቡ ለእግርዎ አይደለም፣ ለፎቶው ነው። ለሰላም ብለን ሦስት ብንለው፣ ደብዛዛ ፎቶ አልፎ፣ ደም ሥሩ መዘጋት አለመዘጋቱን ሳናውቅ እንሸኝዎታለን።"

ምንም ያልሰማ ሦስተኛ ሐኪም ተጠራ። ወርቄ "አባዬ፣ ትንፍሽ እንዳትል!" ብላ ወደ ውጭ ጎተተችኝ። እሱም ሁለት ሰጠ። ፎቶውን ያደበዘዝሁት ለካ ተንቀሳቅሼ ሱሪዬን ስዳስስ ነው።

በማግስቱ እንደ ሬሳ ደርቄ ፎቶውን እንደገና ተነሣሁ። ይኸኛው ጥርት አለ፤ ከጉልበቴ በታች ቀጭን መስመር፣ ሳይቋረጥ እስከ ጣቶቼ። "ጠቧል እንጂ አልተዘጋም" አሉ። መድኃኒት ሰጥተው፣ ባቴ ሲይዘኝ እያረፍሁ በየቀኑ እንድራመድ አዘዙኝ።

ሞላሌ በተመለስሁ በሳምንቱ በእርሻ ድንበር የተካሰሱ ጎረቤታሞች ከነምስክሮቻቸው መጡብኝ። ቃላቸውን ለየብቻ ልሰማ ብዬ አንዱን ምስክር ወደ ቤት አስገባሁ፣ ሌላውን ከጎተራው ጀርባ ላክሁ። "ጋሼ ናላቸው ዞረ" ተባባሉ። እውነትም ሳይዞር አልቀረም፤ ስንቱን ድንበር መሐል ላይ አስታርቄ፣ ስንቱን ሳላይ እንዳሳለፍሁ እያሰብሁ ነበር።

የምስክሮቹ ቃል አልገጠመም። መሐል ላይ ተገናኙ አላልሁም። "ተነሡ፣ ሄደን ድንበሩን እንየው" ብዬ፣ ሃያ ሃያ እርምጃ ላይ እያስቆምኋቸው፣ በገዛ እግሬ ከፊት መራኋቸው።