አክስቴ ናቸው ያልኩበት ቤት

ዲላ አስተማሪ ሆኜ እንደተመደብኩ ከእናቴ ጋር የገባንባት ክፍል የአንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ ነበረች። ሟች ባላቸው የታወቁ የቡና ነጋዴ ስለነበሩ እትዬ «ቤት አከራየች» መባልን እንደ ውርደት ይቆጥሩት ነበር። በዚያን ጊዜ በደህና ሰው ግቢ ዘመድ ይጠጋል እንጂ ተከራይ አይገባም። ስለዚህ ውል የሚባል ነገር አልተነሳም። ኪራዩንም ሰው በሌለበት፣ መሶቡ ሥር ሸጉጬላቸው እወጣ ነበር። ለጎረቤቱ ሁሉ «የእህቴ ልጅ ናት» አሉኝ። እኔም ባል የሌላት አስተማሪ ቤት ተከራየች ተብዬ ከምታማ ይሻላል ብዬ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ «አክስቴ ናቸው» አልኩ። አይ ሞኝነት!

እናቴ ዓይነ ስውር ናት። ቀድሞ በነበርንበት ቤት ወድቃ ዳሌዋ ተጎድቶ ስለነበር፣ ሐኪሙ ሁለተኛ ከወደቀች እንደማትነሳ ነግሮኛል። ይህችን ክፍል በእጇ ዳብሳ እስክትለምዳት ወራት ፈጀባት። በኋላ ግን ከአልጋዋ እስከ በሩ፣ ከበሩ ደግሞ ግድግዳውን ይዛ እስከ ሽንት ቤቱ ብቻዋን መሄድ ጀመረች። እኔም ልቤ አርፎ ትምህርት ቤት እውል ነበር።

የቡናው ለቀማ እንደተጀመረ አንድ ነጋዴ መጥቶ ግቢውን በገመድ ለካ። እኛን ቀና ብሎም አላየን። በሳምንቱ ከይርጋጨፌ የመጣ የጭነት መኪና ጆንያ አራገፈ፤ ጆንያውም የእኛን ግድግዳ ታክኮ ተደረደረ። በየቀኑ ወደ በራችን ይጠጋ ጀመር። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ጆንያውን ትዳብሳለች።

«ልጄ፣ ግድግዳውን ምን አለበሱት?» አለችኝ።

ቡና ነው፣ ይነሳል ብዬ ዋሸኋት። እትዬ ሰላምታዬን በግማሽ አፍ መመለስ ከጀመሩ ሰንብተው ነበር። በማግስቱ ጠርተው ግቢውን ለመጋዘን እንደሰጡት፣ እስከ እሑድ እንድንወጣ ነገሩኝ። ዝናቡ እስኪያባራ፣ እናቴ በእጇ የምትለምደው ሌላ ቤት እስካገኝ ይታገሱን ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ጆንያው ግን በማግስቱም ጨመረ።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ የሚቀመጥ አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። የውል ወረቀት የለኝም ስለው ሳቀብኝ። በአዲሱ ሕግ የቃል ኪራይም ኪራይ ነው፣ ተከራይ ያለ ማስጠንቀቂያ አይባረርም፣ ተከራይ መሆንሽን የሚያውቁ ሁለት ምስክሮች ብቻ አቅርቢ አለኝ። ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ ጎረቤታችን የሆኑትን ሽማግሌና ሚስታቸውን ለመንኩ። ጸሎተኞች ናቸው፣ ሐሰት አይናገሩም፤ ተከራይ መሆኔም በዚህ ሁሉ ጊዜ አይጠፋቸውም አልኩ። ምን እንደሚሉ ግን አልነገርኳቸውም፤ ምስክር ማስጠናት ነውር መስሎኝ ነበር።

ማመልከቻውን እሑድ ሳይደርስ አስገባሁ፤ እስከ ቀጠሮውም ባለንበት ቆየን። ችሎት ስንቀርብ እትዬ ኪራይ የሚባል ተቀብለው እንደማያውቁ ተናገሩ። ዳኛው ወደ ሽማግሌው ዞረው፣ ኪራይ ስትከፍል አይተው እንደሆነ ጠየቋቸው።

«ጌታዬ፣ ከእህት ልጅ ማን ኪራይ ይቀበላል? ሥጋቸው ናት። ራሷም ነግራኛለች» አሉ ሽማግሌው።

ወደ እኔም ዞረው ፈገግ አሉ። ዘመድ ከቤት አይጣልም ብለው፣ የጠቀሙኝ መስሏቸው ነበር። ሚስታቸውም ያንኑ ደገሙ። ተነስቼ ሐሰት ነው እንዳልል ቃሉ የራሴው ነው። ዳኛው ተከራይነትሽ አልተረጋገጠም፣ ዘመድ የሚኖረው በባለቤቱ ፈቃድ ነው፣ ፈቃዱ ካበቃ ትወጫለሽ ብለው እስከሚመጣው ቅዳሜ ጊዜ ሰጡኝ።

ለእናቴ እውነቱን ለመናገር ድፍረት አጣሁ። ለትምህርት ቤት የሚቀርብ ቤት አገኘሁ አልኳት። ያገኘሁት ግን ዳገት ላይ ያለ፣ ደጃፉ በዝናብ የሚያንሸራትት ክፍል ነበር። ገና ሳየው ዳሌዋ ትዝ ብሎኝ ነበር፤ ሌላ ግን አላገኘሁም።

ቅዳሜ ጠዋት ዕቃችንን አስጭኜ ስመለስ እትዬ ቆሎ ቋጥረው መጡ። እናቴ ድምፃቸውን ስትሰማ ሁለት እጃቸውን ያዘች።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ። ለእንደኔ ያለች ሰው ቤት መልመድ ቀላል አይደለም፤ አንቺ ግን እንደ ዘመድ ያዝሽን። እንዳስጠጋሽን እሱ ያስጠጋሽ» አለቻቸው።

እትዬ እጃቸውን ሳያስለቅቁ አሜን አሉ። እኔም ቆሎውን ተቀብዬ አመሰገንኩ።