የግዙፉን ጉልበት የቀነስንበት እሁድ

ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር በምሠራበት ቢሮ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ሲግል የተቃጠለ አቧራ ይሸታል። ሌሎቹ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። እኔን ግን ያ ሽታ መልሶ የካ አባዶ፣ ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ ያስቀምጠኛል፤ ከወንድሜ ጋር አንድ ወንበር ለሁለት ተካፍለን፣ ስክሪኑ ፊታችንን እያበራው።

የቤታችንን ኮምፒውተር ያመጣልን አባዬ ነበር። ይህን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ኋላ የማወራህን ስትሰማ ሰውየውን አውሬ ብቻ አድርገህ እንዳትይዝብኝ። ወሎ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ ላሜራ ቀጥቃጭ ነበር። አንድ ደንበኛው ከቢሮው አውጥቶ ሊጥለው ሲል ለምኖ ተቀበለውና፣ በተጨናነቀ ታክሲ ውስጥ መንገዱን ሙሉ እንደ ሕፃን ታቅፎት መጣ። «ተማሩበት» አለን። በዚያው ሳምንት ወንድሜን በቀበቶ ገረፈው። አይጠጣም፤ ጫት አይቅምም። ቢጠጣ ኖሮ ቢያንስ በጠርሙሱ እናሳብብ ነበር።

ታላቄ የሆነው ወንድሜ ትምህርት ቤት፣ ክበብ ውስጥ፣ ፕሮግራም መጻፍ ተምሮ ነበርና ጨዋታ ሠራ። ሥዕል የለውም፤ ጽሑፍ ብቻ ነው። «ግዙፉ በሩ ላይ ቆሟል። ምን ታደርጋለህ?» ይልሃል። አንተ «ምታ»፣ «ሽሽ»፣ «ተደበቅ» ወይም «ውጣ» ብለህ ትጽፋለህ። ግዙፉም፣ እኛን ሆኖ የሚጫወተው ልጅም፣ ጉልበት፣ ቁጣና ሕይወት የሚባሉ ቁጥሮች አሏቸው። የተመታ ሰው ከሕይወቱ ላይ በመቺው ጉልበት ልክ ይቀነስበታል፤ ዜሮ ከደረሰ አለቀለት። ግዙፉ ማን እንደሆነ አንድም ቀን አልተነጋገርንም። ምን ያነጋግረናል?

ወንድሜ አንድ የማይሽረው ሕግ ነበረው። ቁጥር የሚቀየረው ቤት ውስጥ በዓይናችን ያየነው ነገር ሲያስቀይረው ብቻ ነው። አባዬ ደረጃውን እየረገጠ ከወጣ የግዙፉ ቁጣ ይጨምራል፤ ፈገግ ብሎ ከገባ ይቀንሳል። የቁም ሣጥኑን በር በቡጢ የሰነጠቀ ዕለት ጉልበቱ ከሃምሳ ወደ ስልሳ ወጣ። ወንድሜ ጀርባው በሰንበር አብጦ ወንበሩን መደገፍ አቅቶት፣ እንደ ሽማግሌ ጎብጦ ያቺን ቁጥር ሲያስተካክል ይታየኛል። የልጁ ጉልበት ዐሥር ነበር። ስለዚህ ሁልጊዜ የምናነበው አንድ ነገር ነው፤ «ግዙፉ መታህ። ጥርስህ ረገፈ። ሞተሃል።»

«በናትህ አንዴ ቀንሰውና እናሸንፍ» እለዋለሁ።

«ዋሽተሽ ብታሸንፊ ምን ይጠቅምሻል?»

እኔንማ ይጠቅመኝ ነበር። ያ ግዙፍ በጽሑፍም ቢሆን ተዘርሮ ባየው ደስታዬ ነበር። ሌላ ምንም አልመኝም ነበር።

አንድ የክረምት እሁድ፣ በረዶ መስኮቱን እየደበደበ፣ እማዬ ምሳ አዘገየች። ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ሌላ የለም። አባዬ ሳህኑን ግድግዳው ላይ ከሰከሰው፤ ፀጉሯን ጨምድዶ ግንባሯን ከበሩ መቃን ጋር አላተመው። ደሙ በቅንድቧ ወርዶ ዓይኗን ሞላው። ወንድሜ ተነሳ። አባዬ ቀበቶውን መዞ በዘለበቱ አፉን አለው፤ ከንፈሩ ለሁለት ተተረተረ። ሲደግመው ግን ወንድሜ እጁን አየር ላይ ያዘውና ጠመዘዘው። አባዬ ተንበረከከ። ወንድሜ አልለቀቀውም። በሌላኛው እጁ ፊቱን በቡጢ መታው፤ ደገመው፤ ደጋገመው። እማዬ ደሟን እየጠረገች «ባሌን! ልጄን! ኧረ በቃህ!» ብላ ጮኸች። አልሰማትም።

«በቃ ልጄ» አለ አባዬ፣ አፉ በደም ተሞልቶ።

ልጄ ሲለው ሰምቼ አላውቅም ነበር። ወንድሜ ያኔ እሳት እንደነካ ሰው እጁን ለቀቀው።

ተከትዬው ወደ መኝታ ቤት ገባሁ። ኮምፒውተሩን ከፍቶ፣ ከከንፈሩ የሚንጠባጠበው ደም ኪቦርዱ ላይ እየወረደ፣ የግዙፉን ጉልበት ከስልሳ ወደ ስምንት አወረደው።

«የያዝኩት እጅ እኮ የሽማግሌ እጅ ነው» አለኝ። ያለቅስ ነበር። «ይሄን ሁሉ ጊዜ የፈራነው ይሄን ነው?»

«በለዋ! ምታው አሁን!» አልኩ፤ ከደስታዬ ብዛት እዘላለሁ።

እሱ ግን አልጨረሰም ነበር። ወደ ልጁ ቁጥሮች ወረደ። የልጁ ቁጣ አምስት ነበር። አጠፋውና የግዙፉን ቁጣ ቁጥር ጻፈበት፤ ዘጠና።

«ያንተን ተወው» አልኩት።

«አላየሽኝም?»

አይቼዋለሁ። አባዬን ሲደበድበው የወንድሜ ፊት ራሱ የአባዬ ፊት ሆኖ ነበር።

ጨዋታውን አስነሳ። ግዙፉ በሩ ላይ ቆሟል። ከእንግዲህ ቢመታን እንኳ በቀላሉ አይገድለንም፤ የቀረን «ምታ»ን መደጋገም ብቻ ነበር። ወንድሜ «ውጣ» ብሎ ጻፈ።

«ስሚ» አለኝ፣ «እዚህ ከቆየሁ አንድ ቀን እገድለዋለሁ። ካልገደልኩትም እሱን እሆናለሁ።»

ዝናቡ ሳያባራ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሐዋሳ፣ አጎታችን ጋ ሄደ። እማዬ ግንባሯን በሻርፕ አስራ እስከ ታች ድረስ ሸኘችው። አባዬ ከዚያን ቀን ወዲህ በማንም ላይ እጁን አንስቶ አያውቅም። ተጸጽቶ ይሁን ፈርቶ፣ አላውቅም፤ ለእማዬ ጀርባ እንደሆነ ሁለቱም አንድ ነው።

ወንድሜ እዚያው ሥራ ያዘ፤ አገባ፤ ወንድ ልጅ ወለደ። ለበዓል ይደውላል፤ ቤታችንን ግን ዳግም አልረገጠም። ይናፍቀኛል። እኔን ከእነሱ ጋር ጥሎኝ በመሄዱም አንዳንዴ እናደድበታለሁ።

አባዬ አሁን ግማሽ አካሉ አይታዘዝለትም። ባለፈው ቅዳሜ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ጥፍሩን ስቆርጥለት፣ ድንገት «ወንድምሽ…» አለ።

«ምን ሆነ አባዬ?»

«ልጁን ይመታዋል?»

«ኧረ መትቶት አያውቅም።»

«አንድ ቀንም?»

«አንድ ቀንም።»

ራሱን በቀስታ ነቀነቀ። ከዚያ ጥፍሩን ቆርጬ ሳልጨርስ፣ ያንን ቀበቶ ይመዝበት የነበረ እጁን ከእጄ ውስጥ አውጥቶ ብርድ ልብሱ ሥር ደበቀው።